በምጽዋ ከእናቴ ጋር የተራመድንበት ምሽት

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው «አንቺ ሁልጊዜ ስለ ደረሰኝና ስለ ገቢ ወጪ ነው የምትነግሪን፤ ለዛሬ እስቲ ሌላ ነገር አምጪልን» ብሎኛል። እኔም እሺ ብያለሁ። ነገር ግን የጉዞ ወሬ ብዬ ጀምሬ መጨረሻ ላይ ወደ ወረቀት ጉዳይ መመለሴ አይቀርም፤ ከአሁኑ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ባለፈው ስብሰባ አንዲት እህታችን ተነስታ የጠየቀችውን ታስታውሳላችሁ። ባለቤቷ ለሥራ ብሎ ከሀገር ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ድምፁ ከጠፋም ቆይቷል። ብድር ልትወስድ ስትሄድ «የባልሽን ፊርማ አምጪ» ተባለች። «ከየት ላምጣው?» አለችን። ሁላችሁም የሒሳብ ሰው ናት፣ ታውቃለች ብላችሁ ወደ እኔ ዞራችሁ። እኔ ግን አቀርቅሬ ቃለ ጉባኤ እየጻፍኩ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። መልሱ ከቤታችን ታሪክ ጋር ተጣብቆብኝ፣ አንዱን ከአንዱ ነጥዬ ማውጣት አቅቶኝ ነው። ዛሬ ሁለቱንም አብሬ አመጣሁት።

እናቴን አብዛኞቻችሁ ታውቋታላችሁ። ቴፒ ገበያ ኮረሪማና ቁንዶ በርበሬ የምትሸጠዋ፣ መዝና ሳትጨርስ አንድ ጭብጥ የምትጨምረዋ ናት። የወሎ ሰው መሆኗን ከአነጋገሯ ትለያላችሁ። የማታውቁት ግን እዚህ ጫካ መሀል ከመግባቷ በፊት ዘጠኝ ዓመት የኖረችው ባሕር ላይ፣ ደሴት ላይ መሆኑን ነው።

ምጽዋ የምንላት ከተማ ከአንድ መሬት ላይ አልተሠራችም። ባሕሩ ውስጥ ሁለት ትናንሽ ደሴቶች አሉ። የውጪኛዋ ባጽዕ ትባላለች፤ አሮጌው ከተማና ወደቡ ያሉት እሷ ላይ ነው። ወደ መሬት የምትቀርበው ጣውሉድ ናት። ሁለቱን እርስ በርስ፣ ጣውሉድን ደግሞ ከመሬቱ ጋር የሚያገናኘው ባሕሩን በድንጋይ ሞልተው የሠሩት መንገድ ነው። ይህን ያሠራው በ1860ዎቹ ለግብፆች ያገለግል የነበረው የስዊስ ሰው ሙንዚንገር ነው ይባላል፤ የእኛ መጽሐፍ ላይ ጉንደትንና ጉራዕን ስንማር በዚያው ዘመን የነበረ ሰው ነው። ከመሬቱ ወደ ጣውሉድ የሚያሻግረው ረጅሙ መንገድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግራና ቀኙ ውኃ ነው። ድልድይ ላይ ያለህ ይመስልሃል እንጂ ድልድይ አይደለም፤ ከሥሩ ውኃ አያልፍም።

አባቴ ወደቡ ላይ ጭነት ቆጣሪ ነበር። መርከብ ሲራገፍ ከአጠገቡ ቆሞ ስንት ኬሻ እንደወረደ በእርሳስ ይመዘግባል። አራት ቋሚ መስመር ይሰምርና አምስተኛውን አግድም ያሰርበታል፤ አምስት ሆነ ማለት ነው። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ የእርዳታ እህል በምጽዋና በአሰብ ሲገባ ቀን ከሌት ይቆጥር እንደነበር እናቴ ትነግረናለች። ከእሱ የቀረን አንድ ደብተር ነው፤ ከዳር እስከ ዳር መስመር ብቻ። እኔ ዲፕሎማዬን በሒሳብ አያያዝ የያዝኩት በዚያ ደብተር ምክንያት ነው ብል አታጋነን አትበሉኝ።

የምንኖረው ጣውሉድ ላይ በተከራየናት አንድ ክፍል ነበር። ምጽዋ ሙቀቷ የሚቻል አይደለም፤ በሙቀቱ ወራት አርባ ዲግሪን ያልፋል፤ ሰው ሌሊት አልጋውን ደጅ አውጥቶ ነው የሚተኛው። ስለዚህ ቀኑ የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን እናቴ ፊታችንን ታጥበንና ወንድሜን በእጇ ይዛ፣ እኔን አዝላ ከጣውሉድ ወደ ባጽዕ በዚያ የባሕር መንገድ ትሻገራለች። ወደቡ በር ላይ ትቆማለች። አባቴ ይወጣል። ከዚያ አራታችንም ቀስ እያልን በባሕሩ ዳር ዞረን ወደ ቤት። በየቀኑ። እኔ የማስታውሰው የለም፤ ሁለት ዓመት ተኩል ነበርኩ። ከእናቴ አፍ ግን ብዙ ጊዜ ስለሰማሁት ያየሁት እየመሰለኝ ነው ያደግኩት።

በጥር 1982 እኔን ኩፍኝ ያዘኝ። ጠናብኝ። አባቴ «አስመራ ውሰጃት፤ እኔ ደሞዝ ስቀበል እመጣለሁ» አላት። ሁለታችንንም ይዛ ወደ አስመራ ወጣች። የካቲት 1 ቀን 1982 ውጊያው ምጽዋ ላይ ተከፈተ፤ በቀናት ውስጥ ከተማዋ በሻዕቢያ እጅ ገባች። መንገዱ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ከአባቴ ደብዳቤም፣ ሰውም፣ ወሬም አልመጣም። አስመራ ውስጥ ተከብበን አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆየን፤ በግንቦት 1983 መንግሥት ሲወድቅ ከሌላው ተፈናቃይ ጋር አዲስ አበባ ደረስን፤ መጠለያ ከረምን። በመጨረሻ ቴፒ የቡና ተክል ላይ ትሠራ የነበረች አክስታችን መጥታ ወሰደችን። እናቴ ባሕር ዳር የለበሰችውን ሻማ ጫማ አድርጋ ጭቃ ውስጥ ቀይ ቡና ለቀማ ገባች።

ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ ለአንድ ነገር ነው። እናቴ መርዶ አልመጣላትም። ሞተ ብሎ የነገራት የለም። መርዶ ካልመጣ ድንኳን አይተከልም፤ ጸጉር አይሸለትም፤ እርም አይወጣም። ስለዚህ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ባለትዳር ሆና ኖረች።

እድር ስትገባ የቤተሰብ ዝርዝር ላይ በአንደኛ ተራ አባቴን አስመዘገበች። በየዓመቱ መዝገብ ሲታደስ ጸሐፊው «ባለቤትሽ?» ይላታል፤ እሷም «አለ» ትላለች። እኔ ዲፕሎማዬን ይዤ የእድሩን ሒሳብ እንዳይላቸው ሲጠይቁኝ መዝገቡን ስገልጥ ሃያ ምናምን ጊዜ በተለያየ እጅ ጽሕፈት «አለ፣ አለ፣ አለ» ተብሎ ተጽፎ አየሁት። አንዱ ጸሐፊ ብቻ «አለ (ሩቅ)» ብሎ ጽፏል። ያን ቀን ሥራውን አቁሜ ወደ ቤት ሄድኩ።

አሁን ደግሞ የወረቀቱ ነገር። እናቴ ከቡና ለቀማ ወጥታ ቅመም ንግድ ስትጀምር እጇ ላይ ትንሽ ገንዘብ ተጠራቀመ፤ የቆርቆሮ ቤት ገዛች። በኋላ መጋዘን ተከራይታ ለቡና ማስጫ አልጋ የሚሆን ሽቦ ልትገዛ ፈለገች፤ ቤቱን አስይዛ ብድር ጠየቀች። አበዳሪው ስሙ አይጠቀስ፤ ሕጉን ነው የተከተለው። ባለትዳር ነሽ፣ በትዳር ውስጥ የተገዛ ቤት የጋራ ነው፣ ባልሽ ይፈርም አላት። ቤቱ ሲገዛ እሱ ከጠፋ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር! ሳንቲም አላዋጣበትም። ግን እሷ ራሷ በየወረቀቱ «ያገባች» እያለች ስትፈርም ኖራ ምን ይበሏት? ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። እኔ በሦስተኛው ስለ ፍርድ ቤት ላወራት ስጀምር «አባትሽን በገዛ እጄ ልቅበረው ወይ?» አለችኝና ነገሩ ተዘጋ።

በሐምሌ 2010 ሰላም ወረደ ተባለ። ሐምሌ 11 ቀን የመጀመሪያው አውሮፕላን አስመራ ሲያርፍ ቴፒ እኛ ቤት ጎረቤቱ ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ነበር። ሰው እየተቃቀፈ ሲያለቅስ እናቴ አላለቀሰችም። ማጥለያዋን አስቀምጣ «ምጽዋ ድረስ መኪና ይሄዳል?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

እቁቤ የሚደርሰኝ ኅዳር ላይ ነበር። ቤት ልጠግንበት አስቤ የነበረውን ለቲኬት አደረግኩት። አንዳንዶቻችሁ ያኔ «ለባሕር መዝናኛ እቁብ ትበላለች» ብላችሁ እንዳማችሁኝ ደርሶኛል፤ ቂም የለኝም። ለቀማው ካለቀ በኋላ በጥር 2011 አራት ሆነን ተነሳን፤ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ እኔና ያኔ አምስት ዓመቷ የነበረችው ልጄ። ቴፒ ሳንነሳ ጭቅጭቅ ነበር። ወንድሜ አባታችን ሲለየን ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ትከሻው ላይ መቀመጡን ያስታውሳል። እሱ የሚሄደው አባቱን ፈልጎ ለማግኘት ነው። የጉርድ ፎቶግራፉን አስባዝቶ ሃያ ኮፒ ይዟል። እናቴ ለምን እንደምትሄድ ግን አልተናገረችም። ሻንጣዋ ውስጥ ሁለት ኪሎ የተቆላ ቡናና ኮረሪማ ብቻ ነው የከተተችው።

ከአስመራ ምጽዋ 115 ኪሎ ሜትር ነው። አስመራ ከባሕር ወለል በላይ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር ከፍ ትላለች፤ ስለዚህ ጉዞው ሁሉ ቁልቁለት ነው። ነፋሲት ላይ ጉም ነበር፤ በጥር እዚያ ወገን ዝናብ ነው፤ ልክ ከሚዛን ወደ ቴፒ ስትወርዱ የሚይዛችሁ ጉም ይመስላል። ጊንዳዕን ስናልፍ ጃኬት አወለቅን። ራስ አሉላ በ1879 ጣልያኖችን የመቱበትን ዶጋሊን ስናልፍ መስኮት ከፈትን። ከዚያ ሜዳ፣ አቧራ፣ ግመል። ከዚያ ልጄ «ሰማዩ መሬት ወረደ!» ብላ ጮኸች። ባሕሩን ማለቷ ነው።

ጣውሉድ ማረፊያ ያዝን። ወንድሜ ፎቶውን ይዞ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ዋለ፤ እናቴ ተኛች። 11 ሰዓት ሲሆን ማንም ሳይቀሰቅሳት ተነሳች። የልጄን ፊት አጠበች። ነጠላዋን ለበሰች። «እንሂድ፣ ይወጣል» አለች።

እናቶቼ፣ ይቺን ቃል ስሰማ አእምሮዋ የታወከ መሰለኝ። ወንድሜ ክንዷን ይዞ «ማን ነው የሚወጣው?» አላት። «ሰዓቱ ነው የሚወጣው» ብላ ሳቀች። አባባሏ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ መሳቋ ግን አረጋጋኝ።

መጀመሪያ የተከራየናትን ቤት ፈለገች። የለችም። ቦታው ባዶ መሬት ነው፤ ፍየሎች ቆመዋል። ሁለት ጊዜ ዞረችውና «በሩ እዚህ ጋ ነበር» ብላ አለፈች። የጃንሆይ ቤተ መንግሥት የነበረው ጉልላቱ ተቦድሶ፣ ግድግዳው በጥይት ተበሳስቶ እንዳለ ነው። ከመሬቱ ወደ ጣውሉድ በሚገባበት በኩል ለዚያ ውጊያ መታሰቢያ የቆሙ ታንኮች አሉ። ልጄ ልትወጣባቸው ፈለገች። ለእነሱ የድል ሐውልት ነው። እናቴ ከሩቅ አየችው፤ ክፉም ደግም አልተናገረችም።

ከዚያ ወደ ባጽዕ የሚያሻግረውን መንገድ ያዝን። ነፋሱ ከባሕሩ ይነሳል፤ ጨው ጨው ይሸታል። ሰው ሁሉ ወጥቷል፤ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ ብስክሌት የሚነዱ ልጆች፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ ሽማግሌዎች። ቴፒ ላይ ሰው ከመሸ ዝናብ ይመጣል ብሎ ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ እዚያ ግን ከመሸ ነው የሚወጣው። እናቴ ከፊታችን ትሄዳለች። ጉልበቷን የሚያማት ሴት፣ ገበያ ስትሄድ ሦስቴ የምታርፍ ሴት፣ እኛ ልንደርስባት አልቻልንም። ልጄ እየሮጠች «አያቴ፣ ጠብቂኝ» ትላታለች። እኔ የተከተልኩት ተረከዟን እያየሁ ነው። በዚህ መንገድ ላይ እኔን አዝላ ስትሄድ የነበረችው የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት ነበረች፤ ያን ቀን እኔ ከእሷ በሁለት ዓመት እበልጣት ነበር።

ባጽዕ ቤቶቿ ከባሕር ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ከኮራል። ሰገነቶቻቸው በእንጨት የተፈለፈሉ ናቸው። ከተማዋን በ1913 የመሬት መንቀጥቀጥ አፍርሷት ነበር፤ እንደገና ተሠራች፤ ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ግማሹ ቤት ፎቁ የለውም፤ በመስኮቱ በኩል ሰማይ ይታያል። ከሥር ግን ሻይ ቤት ተከፍቶ ሰው ዶሚኖ ይጫወታል፤ በሸክላ ምድጃ የተጋገረ ዓሣ ይሸታል።

ወደቡ በር ላይ ደረስን። እናቴ በሩ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ግራ፣ ግንብ ሥር ቆመች። ቦታዋ ነው። ወንድሜ ፎቶውን አውጥቶ ወደ ጥበቃው ሄደ። ጥበቃው ልጅ ነው፤ በዚያ ዘመን ገና አልተወለደም። ፎቶውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው፤ ይቅርታ ብሎ በአክብሮት መለሰለት። ከሥራ የሚወጡ አምስት ስድስት ሰዎች አለፉ። እናቴ እያንዳንዳቸውን አየች። መጨረሻ የወጣው ሰው በሩን ሲዘጋ ነጠላዋን አስተካክላ «እንዙር» አለች። ልክ እንደ ድሮው፣ በባሕሩ ዳር።

አንድ ጠባብ መንገድ ላይ አንዲት አሮጊት ከበራቸው ላይ የጠፍር አልጋ አውጥተው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ላይ ጀበና። እናቴ «ከመይ ኣምሲኺ» አለቻቸው፤ ትግርኛው ያኔ ነው ከአፏ ሲወጣ የሰማሁት። እሳቸው አዩአትና በአማርኛ «አንቺ የዚህ ነሽ እንዴ?» አሉ። ተቀመጡ አሉን። ቡናቸው ዝንጅብል አለው። እናቴ ከቦርሳዋ የራሷን ቡናና ኮረሪማ አውጥታ እግራቸው አጠገብ አስቀመጠች። ለማን እንደያዘችው ገና ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ማን እንደሆነ ሳታውቅ ነው የያዘችላቸው።

ወንድሜ ፎቶውን አሳያቸው። ወደ ብርሃን አቅርበው አዩ። አላወቁትም። «የካቲት ላይ እዚህ ነበሩ?» አላቸው። ነበርኩ አሉ። «ከሞቱት ሰዎች ውስጥ የወደብ ሠራተኞች ነበሩ?» አለ። ዝም አሉ፤ ሲኒውን ሞሉት። «ልጄ፣ ያኔ ማን የማን እንደሆነ ጠይቀን አልቀበርንም። ሽታው አይጠየቅም ነበር» አሉት። ከዚያ፣ ሳንጠይቃቸው፣ የራሳቸውን ነገሩን። ውጊያው ካለቀ በኋላ ከተማዋ በአውሮፕላን ተደብድባለች። አንድ ወንድ ልጃቸው በዚያ ድብደባ ሞቷል። ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነው።

አውሮፕላኑ የኛ ነበር። የኛ የምለው እናቴ እንዲህ ብላ ስለተቀበለችው ነው። አቀርቅራ «ይቅር በሉን» አለቻቸው። አሮጊቷ ዓይናቸውን አጥብበው አዩአትና «አንቺ አብራሪ ነበርሽ?» አሏት። ሁለቱም መሳቅ ጀመሩ። ከዚያ ሁለቱም ማልቀስ ጀመሩ። ልጄ ደንግጣ ጉያዬ ገባች። እኔ ሴት ልጅ እንዲያ ስታለቅስ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ እናቴ በልጅነታችን ስታለቅስ ያየናት ሽንኩርት ስትከትፍ ብቻ ነው። እሳቸው በትግርኛ፣ እሷ በወሎ አማርኛ፣ አንዷ የልጇን አንዷ የባሏን ስም እየጠሩ ሙሾ አወጡ። ጎረቤት ወጥቶ ከበበን። አንድም ሰው ለምን ብሎ አልጠየቀም። አንዲት ሴት ውኃ አመጣች።

ስንመለስ ጨልሟል። መንገዱ መሀል ላይ እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን አውልቃ፣ ጥበቡን ወደ ላይ አድርጋ አዘቅዝቃ ለበሰችው። ለቀስተኛ እንደሚለብሰው ማለት ነው።

ወንድሜ ተቆጣ። «ምን እያደረግሽ ነው? ማን ነገረሽ? አላውቀውም ነው ያሉት እኮ!» አላት።

«ማንም አልነገረኝም» አለችው። «ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም አልነገረኝም። አሁን እኔ ለራሴ ነገርኩት።»

ጥሎን ሄደ። ልጄ እጇን ይዛ ተከተለችው። እኔና እናቴ ብቻችንን ቀረን። ከልጅነቴ ጀምሮ ጉሮሮዬ ላይ የቆመ ጥያቄ ነበረኝ፤ ጠየቅኳት። «እማዬ፣ እኔ ባልታመም ኖሮ ጥለሽው አትሄጂም ነበር አይደል?»

«እሱን አስቤው አላውቅም ብልሽ ውሸት ነው» አለችኝ። ብዙ ዝም አለች። ውኃው ድንጋዩን ይመታል። «ግን ምነው ባልወሰድኳት ያልኩበት አንድም ቀን የለም።»

ይህን ለሰው ነግሬ አላውቅም፤ ዛሬ ለእናንተ ነው የነገርኳችሁ። ትንሽ ውኃ ስጡኝ።

እሺ። ወደ ቴፒ ተመለስን፤ ድንኳን ተተከለ። እድሩ ወንበርና ብረት ድስት አወጣ፤ ገንዘቡ ላይ ግን ኮሚቴው ተከራከረ። ደንባችን የሞት ማስረጃ ይላል። ግማሹ ሃያ ምናምን ዓመት ከፍላለች ይሰጣት አለ፤ ግማሹ ነገ ሰውየው ቢመጣስ አለ። የሒሳብ ሠራተኛዋ እኔ ነኝ፣ ልጁም እኔ ነኝ። ከስብሰባው ወጣሁ። ትክክል ያሉት ማስረጃ የጠየቁት ነበሩ፤ ቢያንገበግበኝም።

እናቴ ራሷ ናት «በይ ያንን የፍርድ ቤት ነገርሽን አምጪው» ያለችኝ።

አሁን እህቴ፣ አንቺም ስሚኝ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንድ ሰው ከጠፋና ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ለፍርድ ቤት አመልክቶ የመጥፋት ውሳኔ መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ሁለት ዓመት! እናቴ ሃያ ሰባት ዓመት በትርፍ ጠበቀች። ውሳኔው የመጨረሻ ሲሆን ጋብቻው ይፈርሳል፤ የጠፋው ሰው ንብረትም መላ ያገኛል። የእናቴ ፍርሃት ግን «ብገድለውና ቢመጣስ?» የሚለው ነበር። ይህ የሞት ፍርድ አይደለም። ሰውየው በሕይወት ቢመለስ ንብረቱን ባለበት ሁኔታ የመረከብ መብት አለው። ይህን አንቀጽ ጮክ ብዬ ሳነብላት ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

እኛ የያዝነው የጋብቻውን ምስክር፣ የሚያውቁን ሦስት ሰዎችና የእድሩን መዝገብ ነው። ፍርድ ቤቱ ለጠፋው ሰው ጥሪ እንዲወጣ አዘዘ፤ ጊዜ ወሰደ፤ ቀጠሮ ሁለቴ ተላለፈ። ወንድሜ አልመጣም። አልመሰክርም አለ፤ አላስገደድነውም። ፎቶዎቹ አሁንም እሱ ዘንድ ናቸው። ውሳኔው በእጇ ሲገባ እናቴ ቤቱን አስይዛ ተበደረች፤ የማስጫ ሽቦውን ገዛች፤ ብድሩን ከፍላ ጨርሳለች። እንግዲህ ወረቀቱ ይህን ነው ያደረገላት፤ ሌላውን ያደረገላት ያ ምሽት ነው። አንዱ ያለ አንዱ ይሆን ነበር ወይ? ለእሷ አይመስለኝም። ለአንቺ ግን ምናልባት ወረቀቱ ይቅደም።

የመጨረሻው ነገር የእድሩ መዝገብ ነው። ውሳኔውን ይዤ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ የአባቴን ስም ከዝርዝሩ ማውጣት የኔ ሥራ ሆነ። እናቴ አጠገቤ ተቀመጠች። ስሙን በቀይ ሰረዝኩ። ቀጥሎ «የሞተበት ቦታ» የሚል አለ፤ «ምጽዋ በይ» አለችኝ፣ ጻፍኩ። ቀጥሎ «የሞተበት ቀን» የሚል አለ። የየካቲቱን ልጽፍ እስክሪብቶዬን ሳስጠጋ እጄን ያዘችው።

«እሱን ተዪው» አለች።

ባዶ ሳጥን ያለበት መዝገብ ኦዲተር አይወደውም፤ በየዓመቱ ይጠይቁኛል። ባዶውን ነው።

የማመልከቻውን ቅጂ ይዤ መጥቻለሁ፤ የሚፈልግ ከቡናው በኋላ ያናግረኝ።